የፉጨቱ ባለቤት

ኮዬ ፈጬ ላይ ውሃ እንግዳ ነው፣ የሌሊት፤
ሲመጣ አያንኳኳም፣ ሲሄድ አይሰናበት።
ጄሪካን በሰልፍ ደረጃው ላይ ያድራል፤
አምስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው
እንቅልፉን ሸጦ ቧንቧ ይከፍታል፣
ባዶውን ያዳምጣል።

የብሎካችን ጥበቃ፣ ጋሽ ደቻሳ ግን
የካፖርቱን ኮሌታ እስከ ጆሮው ሰቅሎ፣
አንዱን ጆሮ ብቻ፣ ሌላው ሥራ አለበት፣
ምድር ቤት ካለው ወፍራም ቱቦ ይለጥፈዋል።
«ሲያፏጭ አየር ነው፤ ውሃ ከኋላው ይገፋዋል።
ሃያ ደቂቃ አላችሁ። ተኙ። እኔ እጠራለሁ።»
ይጠራል ደግሞ።
በየስማችን።

እኛ ሦስት ነበርን፣ የቂሊንጦ ተማሪዎች።
ሌሊሴ ኮዱን ጻፈች፣ ሦስት ወር፣ ዓይኗ ቀልቶ፤
ሙባረክ ከመርካቶ የሞተ ስልክ ገዝቶ፣
ማይክራፎኑን ፈልቅቆ አወጣና
በብየዳ ጭስ እያለቀሰ ከቱቦው ጋር አጋባው።
እኔ አንዲት የኮድ መስመር አልጻፍኩም።
ደብተር ይዤ ፎቅ ለፎቅ፣ አርባ ሌሊት፣
ፉጨቱ በስንት ሰዓት፣ ውሃው በስንት ደቂቃ፣
ስንተኛው ፎቅ ላይ ደክሞት እንዳበቃ
ስጽፍ ነበር፣ ስጽፍ፣ እስኪነጋ።

ሶፍትዌሩን «ፉጨት» አልነው።
ቱቦው ሲተነፍስ ስልክ ይንቀጠቀጣል፤ ይኸው ነው።
ክረምቱ ሳያልቅ መቶ ብሎክ ጫነው።

ከዚያ ቦሌ ጠራን።
ግድግዳው መስታወት፣ ወንበሩ የሚሽከረከር፤
የታሸገ ውሃ ፊታችን ደርድረው
ስለ ውሃ እጦት ጀመሩ መነጋገር።

ውሉ ዘጠኝ ገጽ ነው።
«ሻጮች፣ ከነምንጭ ኮዱ፣ ከነሙሉ መብቱ፣ ለዘለዓለም።»
ለዘለዓለም!
ከጸሎት መጽሐፍ ውጪ
ይህን ቃል በወረቀት አይቼው አላውቅም።
ስድስት መቶ ሺህ ብር።
በልቤ የእናቴን የተጠራቀመ ኪራይ ከፈልኩ፣
ሳልፈርም ከፈልኩ፣ ለወንድሜም ጫማ ገዛሁ፤
ሙባረክ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ሲረግጠኝ ነቃሁ።

ሌሊሴ ውሃውን አልነካችም።
«አንሸጥም» አለች፤ «እናከራያለን።»
ጠበቃው ሳቀ። እኛም ልንስቅ ምንም አልቀረን፤
በሰው ቤት ያደግን፣
በየዓመቱ ፍራሽ ተሸክመን ሰፈር የቀየርን፣
አከራይ ልንሆን!

«ፈቃድ እንሰጣለን። ለሁለት ዓመት።
ኮዱ እኛ ዘንድ ይቆያል፤ ስማችን አይፋቅ፤
ሌላ ከመጣም ለሌላው እንፈቅዳለን።»
«ላብራቶሪውስ? የዩኒቨርሲቲው አይደለም?»
ከቦርሳዋ ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አወጣች፤
ሙባረክ ደግሞ የመበየጃውን ደረሰኝ፣
ሦስት መቶ ሰማንያ ብር፣ ኪሱ ውስጥ የወየበ።
ዋጋው ከሲሶ በታች ወረደ።
ውሉ እንደ አዲስ ተጻፈ።

ከዚያ አንቀጽ ሰባት፦
«ከፈራሚዎቹ በቀር የዚህ ሥራ ባለቤት ነኝ የሚል የለም።»
ብዕሩ እጄ ላይ ቆመ።
ከመስታወቱ ማዶ መኪናው ያለ ድምፅ ይጎርፋል፤
ለእኔ ግን አንድ ጆሮ ይታየኛል፣ ቀዝቃዛ ብረት ላይ።
«ሐሳብ አይመዘገብም» አለ ጠበቃው፣ እንዳወቀብኝ፤
«ሕግ የሚያውቀው የተጻፈውን ነው።»
ፈረምኩ።
ደብተሩን የጻፍኩት እኔ አይደለሁ?

ታክሲ ውስጥ ሌሊሴ «ለአራት እንካፈል» አለች።
ሙባረክ እስከ ቃሊቲ መስኮት መስኮቱን አየ።

ማታ ጋሽ ደቻሳን ምድር ቤት አገኘሁት።
ፈቃድ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፦
ነገሩ የአንተው ሆኖ፣ ሌላው ሲጠቀምበት።
ትንሽ አሰበና፣
«ታዲያ እኔስ ለእናንተ የሰጠሁት ይኼን አይደል?» አለ፤
«ወረቀት የለኝም እንጂ።»
ሳቀ ይሆን? ጨለማ ነው፤ አላየሁም።
ስለ አራተኛው ድርሻ አፌን ስከፍት፣
«እሽ! ዝም በይ!»
ጆሮውን ለጠፈ።
«መጣ።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ የተንቀጠቀጠው
ከዚያ በኋላ ነው።